ያማረ ሁሉ አይቀመስም
በግቢያችን ያሉ መርዛም ተክሎችና ውሾቻችን

«እንስሳ የሚጎዳውን ያውቃል፤ መርዝ አይበላም» የሚል አባባል በብዙ ቤት ይሰማል። ለበግና ለፍየል በከፊል እውነትነት አለው። በሜዳ የሚሰማራ ከብት ከእናቱ ጎን እየጋጠ የሚበላውንና የሚተወውን ይለያል፤ እሱም ቢሆን ድርቅ ሲበረታና ሣር ሲጠፋ ይሳሳታል። ለውሻ ግን አባባሉ አይሠራም። ውሻ ዓለምን የሚያውቃት በአፍንጫውና በአፉ ነው። ያገኘውን ያሸታል፣ ይነክሳል፣ ያኝካል፤ ብዙ ጊዜም በደንብ ሳያላምጥ ይውጣል። መራራውን ተክል የሚተፋ ውሻ እንዳለ ሁሉ እስከ ሥሩ ቆፍሮ የሚበላም አለ።

ይህን ጉዳይ የምናነሳው ለውሻው ብለን ብቻ አይደለም። ገና የሚድህ ሕፃንና ቡችላ ቁመታቸው እኩል ነው። ሁለቱም መሬት ላይ የወደቀውን ያነሳሉ፤ ሁለቱም ያነሱትን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ውሻው ያኘከውን ቅጠል ነገ ልጁ ያኝከዋል። ስለዚህ ለውሻ ሲባል የጸዳ ግቢ ለልጅም የጸዳ ነው።

ውሾች ተክል የሚበሉት ለምንድን ነው?

ውሻ ሣር ሲበላ ያየ ሰው «ሆዱን አሞት ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጤነኛ ውሻም ሣር ይበላል። የተለመደ ጠባዩ ስለሆነ ሣር በላ ተብሎ አይደነገጥም። የሚያሳስበው ሣሩ አጠገብ ምን እንደተተከለ ነው።

ከሁሉም በላይ ለአደጋ የተጋለጠው ቡችላ ነው። የወተት ጥርሶቹ የሚለወጡት ከሦስተኛው ወር አንስቶ እስከ ስድስተኛውና ሰባተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። ድዱ ስለሚያሳክከው ጫማም፣ የወንበር እግርም፣ የአበባ ግንድም ያኝካል። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ነው። የሚሠራው ሲያጣ ሰንሰለቱ እስከሚያደርሰው ድረስ ያለውን ይቆፍራል፤ ያኝካል። ብዙ ሰው ደግሞ ውሻውን ለጥላው ብሎ ከአጥሩ ሥር፣ ከአበባው አጠገብ ያስረዋል። ተክሉ መርዛም ከሆነ በገዛ እጃችን ከመርዝ ጋር አስረነዋል ማለት ነው።

አያቶች የሚያውቋቸው

በገጠር ወይም በድሮው የከተማ ሰፈር ያደጉ አያቶች ብዙዎቹን መርዛም ዕፅዋት ከነስማቸው ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በቤት ውስጥ መነገር አለበት።

አስተናግር። እፀ ፋርስ የሚሉትም አሉ። ቆሻሻ በሚጣልበት ቦታ፣ በመንገድ ዳርና በግንባታ ፍርስራሽ ላይ የሚበቅል፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ ቀንድ መሳይ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ አረም ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች የበላውን ሰው ሲያስቀባጥረው አይተው ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሁለቱም በሐኪም እጅ ተመጥነው ሲሰጡ መድኃኒት ናቸው፤ ከሜዳ ሲበሉ ግን አፍ ያደርቃሉ፣ የዓይን ብሌን ያሰፋሉ፣ የልብ ምት ያፈጥናሉ፣ አእምሮ ያስታሉ። ውሻውም ግድግዳ ይገጫል፤ በሌለ ነገር ይጮኻል፤ ይንገዳገዳል። ከሁሉም ክፍሉ ዘሩ ይበረታል።

ጉሎ። የጉሎ ጥንተ መገኛ የእኛው ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል። ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ ይውላል፤ ዘይቱም የታወቀ የሆድ ማስለቀቂያ ነው። በዘሩ ውስጥ ያለው ሪሲን የተባለ መርዝ ግን ከዕፅዋት መርዞች ሁሉ ከበረቱት አንዱ ነው። ቡልጋሪያዊው ጸሐፊ ጊዮርጊ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ የተገደለው በእግሩ ላይ በተተኮሰች፣ ከመርፌ ራስ በማትበልጥ ጥይት ውስጥ በነበረ ሪሲን እንደሆነ ይታመናል። መርዙ ዘይት ውስጥ ስለማይገባ በአግባቡ የተጣራው ዘይት አደጋ የለውም፤ አደጋው ያለው ዘሩና ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ላይ ነው። ውሻ ዘሩን ሳያኝክ ቢውጠው ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ሊያልፍ ይችላል። ካኘከው ግን ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ ማስመለስና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይጀምረዋል። ፋጉሎን ለአትክልት ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ሽታው ውሻን እንደሚስብ ማወቅ አለባቸው።

ቁልቋልና ቅንጭብ። ለአጥር የሚመረጡት ከብት ስለማይነካቸው ነው። ሲቆረጡ የሚወጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ለጊዜው እስከ ማሳወር ይደርሳል። አጥር ሲከረከም ውሻውም ልጁም ከአካባቢው ይራቁ፤ የተቆረጠውም ወዲያው ይነሳ።

የወፍ ቆሎ። ቢጫ፣ ቀይና ሮዝ አበባ በአንድ ራስ ላይ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ከብቶችና በጎች ብዙ ሲበሉት ጉበታቸው ይጎዳል፤ ቆዳቸውም ፀሐይ መቋቋም ያቅተዋል። ለውሻና ለልጅ የሚያሰጋው አረንጓዴው፣ ያልበሰለው ፍሬ ነው።

እንዶድ። እናቶች ልብስ ያጠቡበት የነበረው ይህ ተክል በዓለም የታወቀው በኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት በዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎችን ለመግደል ለሚደረገው ምርምር መነሻ ሆነ። ያ አረፋ የሚሠራው ንጥረ ነገር ሲዋጥ ጨጓራና አንጀት ያቃጥላል። ስለዚህ እንዶድ የተዘፈዘፈበት ውኃ ውሻ በሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም።

ምረንዝ። ይህን ብዙ የከተማ ሰው አያውቀውም። ጥንት ቀስት የሚመረዝበት ዛፍ ነው። በውስጡ ያለው ኡዋባይን የሚባል መርዝ ልብን ያቆማል፤ መጠሪያውም የመጣው ሶማሌዎች ለቀስት መርዝ ከሰጡት ስም ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር ጎፈር ያለው አንድ ትልቅ አይጥ ደግሞ የዚህን ዛፍ ልጥ አኝኮ ምራቁን በጎኑ ላይ ያሉ ልዩ ፀጉሮች ላይ ይቀባል። ተመራማሪዎች ይህን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አይጡን የነከሰ ውሻ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ የተረፈውም ሁለተኛ አይጠጋውም። ውሻን በደመ ነፍስ ብቻ ከመርዝ ይርቃል ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። የሚማረው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ ያውም ከተረፈ።

ስማቸውን ሳናውቅ የተከልናቸው

አያቶች ለሜዳው ተክል ምስክር ናቸው። ከችግኝ መሸጫ ተገዝተው ለሚመጡት ግን እነሱም እንግዳ ናቸው። ዛሬ በከተማ ግቢዎች፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳዎችና በሳሎን ጥግ ያሉት አብዛኞቹ ጌጠኛ ተክሎች ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ሻጩ «ውኃ አይወድም፣ ጥላ ይወዳል» ይለናል እንጂ መርዛማነቱን አይነግረንም። እኛም አንጠይቅም።

ኦሊያንደር። በመንገድ አካፋይና በየግቢው የምናየው፣ ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም፣ አበባው ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ የሆነው ቁጥቋጦ ነው። ድርቅ ስለሚችል ሁሉም ይወደዋል። ከሥሩ እስከ አበባው አንድም መርዝ የሌለበት ክፍል የለውም። መርዙ የልብ ምትን ያዛባል፤ ጥቂት ቅጠል እንኳ ውሻን ሊገድል ይችላል። ሲደርቅም መርዙ አይጠፋም። እንዲያውም የደረቀው ቅጠል መራራነቱ ስለሚቀንስ ይበልጥ ያታልላል። ተከርክሞ የተጣለውን ቅርንጫፍ ለውሻ መጫወቻ መወርወር፣ እንጨቱን ለሥጋ መጥበሻ መጠቀም፣ ወይም ቅጠሉን አቃጥሎ ጭሱን መሳብ አደገኛ ነው። ቢጫ አበባ ያለው ዘመዱም ለአጥር ይተከላል፤ የእሱም ፍሬ እንዲሁ ልብ ላይ ይሠራል።

ሳይካስ። በሆቴሎች በርና በቪላ ግቢዎች የሚታይ፣ አጭር ዘንባባ የሚመስል ተክል ነው። ዘንባባ ግን አይደለም። ለውሾች ከሁሉም ከሚያሰጉት አንዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ውሾች ይወዱታል። ሁሉም ክፍሉ መርዛም ሲሆን ብርቱካንማ ቀይ የሆነው ፍሬው ይብሳል፤ አንድ ሁለት ፍሬ በቂ ነው። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ የተሻለው ሊመስል ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግን ጉበቱ መድከም ይጀምራል፤ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ማዳን ይከብዳል።

ቁልቁል የሚንጠለጠል ትልቅ የጥሩንባ ቅርጽ ያለው አበባ። ነጭ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ሲመሽ ጠረኑ ግቢውን የሚያውደው ይህ ዛፍ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የአስተናግር ዘመድ ነው። መርዙም የዚያው ዓይነት ነው። የረገፈው አበባ በየማለዳው ይጠረግ።

ዲፈንባኪያና ሞንስተራ። በሳሎን የሚቀመጡ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ናቸው። በቅጠላቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሳይ ስለታም ቅንጣቶች አሉ። ውሻው ሲያኝካቸው ምላሱና ጉሮሮው ይወጋል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ አፉን በእግሩ ይፈትጋል። አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ጉሮሮ አብጦ መተንፈስ ከከለከለ ግን አስቸኳይ ነው።

ስለ አንዱ ተክል ደግሞ ስሙ ያለ አግባብ እንደጠፋ መናገር ይገባል። በገና ሰሞን አናቱ ላይ ያሉት ቅጠሎች የሚቀሉት ፖይንሴቲያ «ገዳይ ነው» ሲባል ይሰማል። ወተት መሳይ ፈሳሹ አፍና ቆዳ ያሳክካል፤ ብዙ የበላ ውሻም ያስመልሰዋል። ከዚያ ያለፈ ጉዳት ግን ብዙም አያደርስም።

ሊሊ የሚባሉት ሁሉ አንድ አይደሉም

በሠርግ፣ በምርቃትና በልደት የሚሰጠው የአበባ እቅፍ ውስጥ ሊሊ አይጠፋም። «ሊሊ» በሚለው ስም የሚጠሩት ግን የተለያዩ ናቸው፤ አደጋቸውም እንዲሁ።

እውነተኛው ሊሊ ስድስት ሰፋፊ አበባ ቅጠሎችና ከመሐሉ ወጣ ያሉ ብናኝ የተሸከሙ ዘንጎች ያሉት ነው። ውሻ ቢበላው ሆዱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል። ለድመት ግን ሞት ነው። ቅጠሉን መቅመስ ቀርቶ ፀጉሯ ላይ የነካትን ብናኝ መላስ ወይም የአበባ ማስቀመጫውን ውኃ መጠጣት እንኳ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ኩላሊቷን ያቆመዋል። ድመት ያለበት ቤት ይህ አበባ ባይገባ ይሻላል። ከገባና ድመቷ ከነካችው ምልክት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ካላ ሊሊ ነጭ፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ነጠላ አበባ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቃል ቢኖርም የትውልድ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ እንጂ ኢትዮጵያ አይደለም። ጉዳቱ እንደ ዲፈንባኪያ አፍና ጉሮሮ መውጋት ነው። ሳሎን የሚቀመጠው ፒስ ሊሊም እንዲሁ።

ግሎሪዮሳ ደግሞ እንደ እሳት ነበልባል ወደ ላይ የታጠፉ ቀይና ቢጫ ቅጠሎች ያሉት፣ በአገራችንም በዱር የሚበቅል ሐረግ ነው። ሥሩ ድንች ስለሚመስል ቆፋሪ ውሻ ያገኘዋል። በውስጡ ያለው ኮልቺሲን በሰውነት ውስጥ የሕዋሳትን መባዛት ስለሚያቆም አንጀትን፣ መቅኔንና ሌሎች ክፍሎችን በአንድ ላይ ይጎዳል። ለሰውም ገዳይ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ደግሞ «የሸለቆ ሊሊ» ብለው የሚጠሩትን፣ እንደ ትናንሽ ደወል ረድፍ ሠርቶ የሚንጠለጠል ነጭ አበባ ልብ በሉ። ዝርያው ሊሊ አይደለም፤ መርዙ ግን እንደ ኦሊያንደር በቀጥታ ልብ ላይ ይሠራል። በእስራኤልና በካሊፎርኒያ ጎዳናዎች ኦሊያንደር የተለመደ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረንዳ ላይ የምታሳድጉት፣ ግንዱ ወፍራም የሆነው የበረሃ ጽጌረዳም በእኛ ቆላዎች ሳይቀር ያለ ሲሆን ከዚሁ የልብ መርዝ ወገን ነው።

ከጓሮ ወደ ማድ ቤት

የተክል መርዝ ስንል አበባ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ውሻን ከማንኛውም አበባ ይልቅ በየቀኑ የሚያገኘው መርዝ ሽንኩርት ነው።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በውሻ ደም ውስጥ ያሉትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። መቀቀልም መጥበስም ይህን አያጠፋም። ጥናቶች እንደሚያሳዩት በውሻው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ያስከትላል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ በትንሹ 225 ግራም፣ ሁለት ራስ መካከለኛ ሽንኩርት ገደማ ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ድስት ስንት ራስ ሽንኩርት እንደሚፈጅ እናቶች ያውቃሉ። በበዓል ማግሥት የተረፈውን ወጥ በእንጀራ አርሶ ለውሻው መስጠት በእኛ ዘንድ ደግነት ነው፤ ለውሻው ግን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ድካም፣ የድድ መንጣትና የጠቆረ ሽንት ሊሆን ይችላል። ትንሽ ትንሽ ሆኖ በየቀኑ ቢሰጥም ይጠራቀማል። በዚያ ላይ የዶሮ አጥንት ሲቀቀል እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሽንኩርቱ ሳይገባ ከሥጋው ቁራጭ፣ ከአጥንት የጸዳ ጨጓራ ወይም ሳንባ ለብቻው ተቀቅሎ ከእንጀራ ወይም ከሩዝ ጋር ይሰጠው።

ዘቢብና ወይን የውሻን ኩላሊት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ የትኛው ውሻ በስንት ፍሬ እንደሚጎዳ አስቀድሞ መገመት ስለማይቻል ጨርሶ አለመስጠት ነው። ቸኮሌትና ቡና ልብ ያፈጥናሉ፤ ያንቀጠቅጣሉ። ቡና ሲቆላ የፈሰሰው ፍሬ፣ ከጀበና የተደፋው አተላ ቡችላ በሚደርስበት ቦታ አይተው። የጠላና የጠጅ ዝቃጭም አልኮል ስላለው ለውሻ አይሆንም።

በምን ይታወቃል?

መርዞቹ ብዙ ስለሆኑ ምልክቶቹም ብዙ ናቸው። ከሚከተሉት አንዱ በድንገት ከታየ፣ በተለይ ውሻው ጠዋት ደኅና ከነበረ፣ የበላውን መፈለግ ያስፈልጋል።

አፉን የሚፈትግ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ምላሱ ያበጠ ከሆነ አፍ የሚወጋ ተክል አኝኮ ይሆናል። ደጋግሞ የሚያስመልስና ተቅማጥ ያለው፣ በተለይ ደም ያለበት ከሆነ፣ ጉሎ ወይም ሳይካስ ሊሆን ይችላል። የሚዝል፣ የሚወድቅ፣ የልቡ ምት የዘገየ ወይም የሚዘላለል ከሆነ ኦሊያንደርና ዘመዶቹን ያስጠረጥራል። ብሌኑ ሰፍቶ የሚቅበዘበዝ ከሆነ አስተናግርን። ድዱ የነጣና ሽንቱ የጠቆረ ከሆነ ሽንኩርትን። ዓይኑና ድዱ ቢጫ የሆነ ከሆነ ጉበቱን።

መርዝ ነው ወይስ የእብድ ውሻ በሽታ?

እዚህ ላይ ለቤተሰቡ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር አለ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ የሚንገዳገድ፣ የሚቅበዘበዝ ውሻ በእኛ አገር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይደርስበታል። አንዱ «አብዷል» ተብሎ ሳይጣራ መገደል ነው። ሌላው፣ ከዚያም የከፋው፣ «መርዝ በልቶ ነው፤ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ መንጋጋው ሲዝልና መዋጥ ሲያቅተው ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር የተሰነቀረበት ይመስላል። በሽታው በምራቅ ይተላለፋል፤ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ውሻው በየዓመቱ ያልተከተበ ከሆነ፣ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ወይም በቅርብ ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ ከነበረ፣ ምንም ያህል ብንወደው በባዶ እጅ አፉን አንነካም። ልጆችን እናርቃለን፤ ውሻውን ክፍል ውስጥ ዘግተን የእንስሳት ሐኪም እንጠራለን። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የባህል መድኃኒት የክትባቱን ቦታ አይተካም። ውሻው በየዓመቱ የተከተበ ከሆነ ግን ሐኪሙም ቤተሰቡም ተረጋግተው መርዙን መፈለግ ይችላሉ። ክትባቱ በዚህም በኩል ይጠቅማል።

ከበላ በኋላ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ውሻውን ከተክሉ ማራቅ ነው። ክትባቱ የተሟላና የተረጋጋ ከሆነ አፉ ውስጥ የቀረውን አውጥቶ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይቻላል። ፈሳሹ ዓይኑ ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ምን በላ? ምን ያህል? በስንት ሰዓት? ከተክሉ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ቆርጦ በፌስታል መያዝ፣ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ሐኪሙን ከብዙ ግምት ያድነዋል። ያስመለሰው ነገር ካለ እሱንም ማሳየት ነው። ከዚያ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መድረስ። እንደ ሳይካስ ያሉት ምልክታቸው ዘግይቶ ስለሚመጣ «እስኪ ነገ እንየው» ማለት ዕድሉን ማባከን ነው።

ሊደረጉ የማይገባቸውም አሉ። ወተት ማጠጣት በየቤቱ የታወቀ ነው፤ ወተት ግን ማርከሻ አይደለም። የሚያስመልስ ሆድ ላይ ሲጨመርም ያባብሰዋል። ዘይት በግድ መጋት ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ በሽታ ያመጣል። እንዲያስመልሰው ብሎ ጨው በጥብጦ መስጠት ራሱ መርዝ ነው። የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ውሻን፣ የሚያቃጥል ፈሳሽ ያለው ተክል የበላንም ማስመለስ አይገባም። ሐኪሞች የሚሰጡት መርዝ መጣጭ ከሰል ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ የምድጃ ከሰል ፈጭቶ ማጠጣት ያንን ሥራ አይሠራም።

የእንስሳት ሐኪምዎን ስልክ ከወዲሁ መያዝ፣ የሚሠሩበትን ሰዓትና ማታ የሚጠራውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የምትኖሩ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበሩ የሚያስተዳድረው፣ 24 ሰዓት የሚሠራ የእንስሳት መርዝ ማማከሪያ ማዕከል አላችሁ። ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ተክሉን በልቶ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ተክሉንም ይዞ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ግቢውን መንቀል የለበትም። ጽጌረዳ ከእሾሁ በቀር አይጎዳም። ቡገንቪሊያም እንዲሁ። በሶብላና የጥብስ ቅጠል ለውሻ አደጋ የላቸውም። ሱፍም መልካም ነው። ኦሊያንደር ያለበት ሰው ባይነቅለው እንኳ ውሻው ከማይደርስበት ሊያጥረው ይችላል።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንጠቁም። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ግቢውን አንድ ጊዜ ይዙሩት። ልጆቹ ስልክና ደብተር ይያዙ። አያቶች የሚያውቁትን ተክል ስሙንና ጠባዩን ይንገሩ፤ ልጆች ይጻፉ። ማንም የማያውቀው ተክል ሲገኝ ፎቶ ይነሳና ለችግኝ ሻጩ፣ ለግብርና ባለሙያ ወይም ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። ውሻው የሚታሰርበት ቦታ በመጨረሻ ይታይ፤ ከእሱ በሁለት እርምጃ ውስጥ ምን በቅሏል? ከሰንሰለቱስ በቀን ስንት ሰዓት ይፈታል? የሚያኝከው አጥንት ወይም የገመድ ቋጠሮ አለው?

ከዚያም ለልጆች አንድ ደንብ ይነገራቸው፦ በግቢ ያለ ቅጠልና ፍሬ ትልቅ ሰው ሳይፈቅድ አይቀመስም፤ ለውሻም አይሰጥም። ውሻው ይህን ደንብ ሊማር አይችልም። ስለዚህ የእሱን ፈንታ የምንጠብቅለት እኛ ነን። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ቤታችንን ሲጠብቅ ያድራልና፣ ቀን ቀን እኛ ግቢውን ብንጠብቅለት ብዙ አይደለም።